ሰባቱ የአየር ጠመንጃዎችና የዙቤዳ ቆዳ

አሰላ፣ ኅዳር 12 ቀን 1966 ዓ.ም.

ውድ ወይዘሮ ዙቤዳ፣

ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ልጅዎ ፋጡ እንደምትሆን አውቃለሁ። ፋጡ ልጄ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ ደስ የማይልሽ ቦታ ስትደርሺም እንዳትዘይው። እናትሽ መስማት ያለባቸውን ነው የጻፍኩት።

እኔ የደብዳቤ ሰው አይደለሁም። በዕድሜዬ የጻፍኩት ሁሉ ለወፍጮው የመለዋወጫ ማዘዣ ነው። ስለዚህ ማዘዣ እንደምጽፍ ጉዳዩን ከላይ ላስቀምጠው። ሚያዝያ 2 ቀን 1963 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት «የዙቤዳ ቆዳ ከሞተ ከብት የተገፈፈ ነው» ያልኩት ሐሰት ነው። በዚያ ቃል የተነሳ ገበያዎ ጠፍቶ፣ ቦታዎን ለቀው ልጅዎ ዘንድ ጮሌ ከተማ ገቡ። ስምዎን የጣለው አፍ የእኔ ነውና የሚያነሳውም እሱ መሆን አለበት። ደግሞም ስድስት ዓመት ሙሉ ያልከፈልኩት ምስጋና አለብኝ። ይቅርታውን ብቻ ብልክ ግማሽ ሥራ ይሆናል፤ ግማሽ ሥራ እንደማልወድ ያውቃሉ።

መጀመሪያ የመጣሁብዎት በ1960 ጥቅምት ላይ ነው። ያን ጊዜ ሁለት የአየር ጠመንጃ ነበረኝ። አንዱ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ሲሆን፣ ከእኔ በፊት ወፍጮ ቤቱን የያዙት ሰዎች የበር መወርወሪያ አድርገውት ኖረዋል። ሁለተኛውን ከአንድ የግሪክ ነጋዴ ሚስት ገዛሁት፤ ሰደፉን ምስጥ ጨርሶት ነበር። ሰው «ሽማግሌው በልጅ መጫወቻ ተለከፈ» ይል ነበር። ይበል። እውነተኛውን ጠመንጃ ባሩዱ ይሸከመዋል፤ ቢያረጅም ቢዝግም ይጮኻል። የአየር ጠመንጃ ግን ሞላው ፒስተኑን፣ ፒስተኑ አየሩን፣ አየሩ ጥይቱን መግፋት አለበት። አንዷ ቦታ ካፈሰሰች ሁሉም ከንቱ ነው። ማታለል የማይቻልበት ዕቃ ስለሆነ ወደድኩት።

የሁለቱም በሽታ አንድ ነበር፤ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሆኖ አየሩን የሚይዘው ጓርኒሲዮን ሞቷል። ከጎማ ከመነዳሪ ቆርጬ ሠራሁ፣ ተበጣጠሰ። ከጫማ ሶል ሠራሁ፣ ተሰነጠቀ። ስድስት ወር ፈጀሁ፤ ማንንም ግን አልጠየቅሁም። ሞተር የተማርኩት እየፈታሁ ነው፤ ፊደልም የለየሁት ጆንያ ላይ የተጻፈውን እያየሁ ነው። ሰው «ላሳይህ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

መጨረሻ ላይ ግን ቸገረኝና ቅዳሜ ገበያ፣ ኮርቻና ልጓም ከሚሸጥበት ተራ መጣሁ። ባልዎ፣ ኮርቻ ሰፊው ከዲሮ፣ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። እርስዎ ወስፌውን አንስተው እሱ ቦታ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ኮርቻ ሰፊዎች ወሬኛ ዓይናቸውን ጥለውብዎታል። እኔም ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ፒስተኑን ምንጣፍዎ ላይ አስቀመጥኩት።

«ለዚህ የሚሆን ቆዳ ቁረጪልኝ።» አንቺ ነበር የምልዎት ያን ጊዜ።

አገላብጠው አዩት። «ምንድን ነው? የፈረስ ነው የበቅሎ?»

«የጠመንጃ ነው።»

«ያ ረቢ! ጠመንጃም መጫን ጀመራችሁ?»

ተራው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እርስዎ ግን ቀልዱን ወዲያው ትተው ጣትዎን ፒስተኑ ጫፍ ላይ እያዞሩ ሥራውን ጠየቁኝ። ነገርኩዎ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ጌታው፣ እርስዎ ክዳን ነው የሠሩለት» አሉኝ። «ይሄ የሚፈልገው ኩባያ ነው። አየሩ ሲገፋው ከንፈሩ ተከፍቶ ግድግዳውን እንዲይዝ።»

እኔ ስድስት ወር ያላየሁትን እርስዎ አንድ ልጓም ተሸጦ እስኪታሰር ባለው ጊዜ አዩት። «እስቲ ይሞከራል» ብዬ ሄድኩ። ያን ቀን ማለት የነበረብኝ ሌላ ነበር።

ከወይራ እንጨት ቅርጽ አወጣሁልዎ። እርስዎ ቆዳውን ውኃ አጠጥተው በዚያ ላይ ወጠሩት፤ በቀንድ እያሹ ኩባያ አደረጉት፤ ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አደረቁት። ከዚያ የበግ ላት አቅልጠው፣ ጣት በማያቃጥል ሙቀት አጠጡት። «ቆዳ ከታረደም በኋላ ይራባል» አሉኝ፤ «ካላበሉት ይነክስዎታል።» ቤቴ ሄጄ ገጠምኩት። ያ የበር መወርወሪያ በሠላሳ እርምጃ የሳርዲን ጣሳ በሳ። ብቻዬን ስለነበርኩ ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠመንጃዎቹ መጡ። ከሁሩታ አንድ፣ በርሜሉ የጎበጠ። ከዲክሲስ አንድ፣ ቃታ የሌለው። የአንድ መቶ አለቃ መበለት «ውሰድልኝ፣ አይጥ አላስፈራ አለ» ብላ በነጻ የሰጠችኝ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰባት ሆኑ። የብረቱንና የእንጨቱን ሥራ እኔ ሠራሁ። ሰደፋቸውን ከዋንዛ ጠርቤ በተልባ ዘይት እያሸሁ አሳመርኩ። ትንፋሻቸውን ግን የሰጡት እርስዎ ነዎት። አንድ ቅዳሜ ወፍጮ ቤቱ ጓሮ መጥተው «እስቲ ይስጡኝ» ብለው የተኮሱት ትዝ ይልዎታል? ጣሳውን መትተው ሲያበቁ «ትንፋሹ ደህና ነው፤ ወደ ግራ ግን ያያል» አሉ። ተናደድኩ። ሲሄዱ ማነጣጠሪያውን ለካሁት፤ የፀጉር ያህል ወደ ግራ ጠሟል። አስተካከልኩት፤ ለእርስዎ ግን አልነገርኩም። ዛሬ ነገርኩዎ።

አሁን ወደ 1963 ልምጣ።

ለገበሬዎች በዓል ሜዳው ላይ ትርዒት እንደሚደረግ ተነገረ፤ የኢላማ ውድድርም ይኖራል፣ ጠመንጃውን የሚያቀርበው መርሻ ነው ተባለ። ሰባቱንም ላሰልፍ ወሰንኩ። እርስዎን አዲስ ሰባት ኩባያ አዘዝኩዎ፤ ሠርተው አደረቁልኝ። ሁዳዴ ገብቶ የመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ላቱን ሊያቀልጡ ሲነሱ አስቆምኩዎ።

«በጾም ላት አልነካም። ማጠጣቱን እኔው በዘይት እጨርሰዋለሁ።»

«በየትኛው ዘይት?»

«በተልባ። ሰደፉን የማሽበት አለ።»

«አቶ መርሻ፣ ጠመንጃውም ይጾማል እንዴ?»

ተራው እንደገና ሳቀ። ቀጥለው ያሉኝ ግን ቀልድ አልነበረም። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «እርስዎ አይንኩት። እኔ አልጾምም፣ እኔ ልንካልዎት» አሉኝ። ቄስ ገብረ ማርያም ራሳቸው «መንካት አያስገድፍም» ብለውኝ ነበር። ለቄሱ ያልታዘዝኩ ለእርስዎ እታዘዛለሁ? ኩባያዎቹን በመሃረብ ጠቅልዬ ሄድኩ።

ተልባ እንጨት ላይ ይደርቃል፤ ለዚያ ነው ሰደፍ የሚያሳምረው። ቆዳ ላይም ይደርቃል። እኔ ሰባቱን ኩባያ በተልባ አጠጥቼ፣ ገጥሜ፣ ዘጋሁ። በማግስቱ ስሞክራቸው ሁሉም በሱ። ደስ አለኝ፤ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው። ከሆሳዕና በፊት እስካለው ቅዳሜ ድረስ አልነካኋቸውም።

እርስዎ ሜዳው ላይ አልነበሩም፤ ገበያዎን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ስለዚህ የሆነውን ከእኔ ይስሙት። ሹማምንቱ ድንኳን ሥር፣ ሕዝቡ ገመዱን ተደግፎ። የመጀመሪያው ተኳሽ ቃታውን ሳበ። ጥይቷ ከአፈሙዙ ወጥታ ጫማው አጠገብ ጠብ አለች። ሁለተኛውን ሰጠሁት፤ ጭራሽ አልወጣችም። ሦስተኛው፣ አራተኛው። አንዱ ከኋላ «አባ መርሻ፣ በምራቃችን እንወዳደር!» አለ። ሌላው «ጾመኛ ናቸው፣ አቅም አጡ!» አለ። ሹማምንቱ ሳይቀሩ ሳቁ። ያን ጊዜ ነው ያን ቃል ያወጣሁት። «ጠመንጃዬ ደህና ነው! ቆዳው ነው! ዙቤዳ ከሞተ ከብት የተገፈፈ ቆዳ ሸጠችብኝ!»

ሳቁ ቆመ። ከእኔ ላይ ተነሥቶ ወደ እርስዎ ሄደ።

ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የተቀበሉትን ልጓም የመለሱልዎ ሰዎች እንደነበሩ ሰማሁ።

በአራተኛው ቀን ሴቶቹ ደጄ ላይ መጡ። የአርሲ ሴት ስታገባ የምትቀበለውን በትር፣ ሲንቄዋን፣ ይዛ ከወጣች ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ሃያ ዓመት እዚህ ስኖር አውቄዋለሁ፤ አንዲቷ ስትዋረድ ሁሉም ይነሣሉ፣ ያዋረደውም ሳይክስ አይመለሱም። አርባ ይሆናሉ፤ በትራቸውን ተክለው፣ እርጥብ ሣር ይዘው። ፊት የቆሙት እማማ ሀሊሜ ነበሩ።

«መርሻ፣ ውጣ!»

«አልወጣም። የተናገርኩትን አልመልስም።»

«እኛም አንሄድም። ማን ቀድሞ እንደሚርበው እናያለን።»

እስከ ቀትር ቆሙ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ከዚያ እርስዎ መጡ፤ ሳይጠሩ እንደመጡ ገባኝ፣ የሰም ክሩ አሁንም ትከሻዎ ላይ ነበር። ይወቅሱኛል ብዬ ጠበቅሁ። እርስዎ ግን ፊትዎን ወደ እነሱ መለሱ።

«ተመለሱ» አሏቸው። «ሰውዬው አያውቅም። ሳያውቅ ይቅርታ ብታስጠይቁት አፉ ነው እንጂ እሱ አይደለም። መጀመሪያ ጠመንጃውን ፈትቶ ይይ።»

«እንዲያው ልንተወው ነው?» አሉ እማማ ሀሊሜ።

«ኤዬ፣ ተዉት። ደረቅ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም።»

ሄዱ። እርስዎም ከስምንት ወር በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ ዕቃዎን ጭነው ወደ ልጅዎ ጮሌ ሄዱ። መኪናው በወፍጮ ቤቱ በር ሲያልፍ አየሁ። ሞተሩ እየሠራ ስለነበር መውጣት አልቻልኩም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሞተር ይጠፋል።

ሰባቱን ጠመንጃ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልፈታኋቸውም።

ባለፈው ጥቅምት ቱሳ የሚባል የዲክሲስ ገበሬ ስንዴ ሊያስፈጭ መጣ። ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ የፈረሱ መቀነቻ ተበጥሶ ሁለቱም ጆንያ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። አዲስ ነው፤ ከዚሁ ከገበያችን የገዛው።

«ዙቤዳ የምትባል ነበረች» አለ ጭቃውን እየጠረገ። «የሷ ቢሆን እኔ እበጠስ ነበር እንጂ እሱ አይበጠስም። የት ገባች?»

«ሄደች» አለው አንዱ ወረፋ ጠባቂ። «ቆዳዋ የጥንብ ነው ይባላል።»

«ማን አለ?»

«ይባላላ።»

እኔ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ። ማንም ወደ እኔ አላየም። ቃሌ የእኔ መሆኑ ቀርቶ የአገር ሆኗል። እኔ ብሞት እንኳ አብሮኝ አይቀበርም፤ የልጅ ልጅዎ ሲያገባ ይጠብቀዋል። ወይዘሮ ዙቤዳ፣ ደንግጬ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ወፍጮውን አጥፍቼ ቁጭ አልኩ።

ያለፈው ቅዳሜ ሰባቱን ጠመንጃ፣ ሞርሳዬንና ካቻቢቴዬን ይዤ ገበያ ወጣሁ። የእርስዎ ቦታ ባዶ ነው፤ ማንም አልያዘውም። እዚያው ቆሜ አንዱን ፈታሁ። ፒስተኑን በመዶሻ ነው ያስወጣሁት። ዙሪያውን እንደ ሙጫ የጠና ቡናማ ቅርፊት ይዞታል። እያዞርኩ አስሸተትኳቸው።

«ምን ይሸታል?»

«ተልባ» አለ አንድ ኮርቻ ሰፊ።

«ያጠጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ላት አጠጣው ብላኛለች።» ከዚያ ከኩባያዎቹ የተረፈውን የዚያኑ ቆዳ ቁራጭ፣ ሁለት ጣት ስፋት ያለውን፣ የገበያው ሚዛን አግዳሚ ላይ አሰርኩና አንድ ኩንታል ስንዴ ሰቀልኩበት። ገበያው እስኪበተን ተንጠልጥሎ ዋለ። «የሞተ ከብት ቆዳ ይሄን ይሸከማል?» አልኳቸው።

«ጥንብ ነው ያልከው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለኝ አንዱ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እስካሁን የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

ሳቁብኝ፤ ይገባኛል። ግን መምህር አሳምነው የሚባለው፣ በቅርቡ ተቀይሮ የመጣው አስተማሪ፣ «ስህተቱን በሕዝብ ፊት ያመነ ሰው ሊከበር ይገባል» ብሎ አጨበጨበ። ሌላውም ተከተለ። አጨበጨቡልኝ፣ ወይዘሮ ዙቤዳ። ዕቃዬን ሰብስቤ ጭብጨባው ሳያልቅ ሄድኩ።

ምክንያቱን ለእርስዎ ነው የምነግርዎ። ስህተት አልነበረም።

ሜዳው ላይ የመጀመሪያው ጠመንጃ እንደከሸፈ በርሜሉን ከመጋጠሚያው አጥፌ አፍንጫዬን ቀዳዳው ላይ አድርጌ ነበር። የደረቀ ተልባ ሸተተኝ። ሰደፍ ሳሽ የምኖር ሰው ያን ሽታ እስታለሁ? ምን እንደሠራሁ ያኔውኑ ገባኝ። ሦስት ጠመንጃ አከታትዬ የሰጠሁት አውቄው፣ ምናልባት አንዱ ያድነኛል ብዬ ነው። አንዱም አላዳነኝም። ሁሉም ሲስቅ የሚጣል ሰው ፈለግሁ፤ እርስዎ ደግሞ እዚያ አልነበሩም። ስምዎን የጠራሁት ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ነው።

ደጄ ላይ ቆመው «አያውቅም፣ ውሸታም አይደለም» ሲሉ ከአጥሩ በስተጀርባ እሰማ ነበር። ይህን ያህል የሚያሳፍር ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ ይህን ያህል ደግ ነገርም እንደዚሁ። ስድቡን ከእኔ የተቀበሉት እርስዎ ሆነው፣ ለእኔ ክብር ተከራከሩ። የተከራከሩለት ሰው በዚያ አጥር ውስጥ አልነበረም። እሱን ለመሆን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እየሞከርኩ ነው፤ በጣም ዘግይቼ፣ በጣም በዝግታ። ከሁሉም በላይ የማመሰግንዎ ለዚያ ነው። ኩባያውን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ፤ ላቱን ልንካልዎት ስላሉኝ አመሰግናለሁ፤ ወደ ግራ ያያል ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ያቺ ቃል ግን ከሁሉም ትበልጣለች።

ኅዳር 22 ቅዳሜ በጮሌ መኪና እመጣለሁ። ከእኔ ጋር እማማ ሀሊሜና ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። አሰላ ላይ ያላልኩትን፣ «አውቅ ነበር» የሚለውን፣ ጮሌ ገበያ መካከል ቆሜ እላለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ አሰላ ተመልሼ አጨብጭበውልኝ ለነበሩት እደግመዋለሁ። ሊያዩኝ ካልፈለጉ አይውጡ፤ እኔ ግን ከመናገር አልቀርም። ወደ አሰላ ይመለሱ ብዬ ለመጠየቅ መብት የለኝም። ሰባቱ ጠመንጃዎች ፒስተናቸው ወጥቶ ተቀምጠዋል፤ ስለ እነሱ አላስቸግርዎትም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ከማሸጌ በፊት ዛሬ ጠዋት ለእማማ ሀሊሜ አነበብኩላቸው። የተመለሰው ሲንቄ የእሳቸው ነውና መስማት ነበረባቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ይሄን ሳትነግረኝ ብትሞት ኖሮ» አሉኝ፣ «ለቅሶህ ላይ ደረቅ ነበር ግን ሐቀኛ ነበር ብዬ አለቅስልህ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን እንጃ። ዙቤዳን ጠይቄ እነግርሃለሁ።»

እየጠበቅሁ ያለሁት፣

መርሻ ይመኑ
የወፍጮ ቤቱ